ማንጠር

ሰባ አምስት መስከረም፣ አዋሳ እርሻ ኮሌጅ ስመጣ፣
ጉበኑ ግንባሬን ገጨኝ፣ ከመዝገብ ቤቱ ስወጣ።
መምህር ላምቤቦ አየኝ፣ በኖራ መስመር ሲያሰምር፤
ስሜን እንኳን ሳይጠይቀኝ፣ አቆመኝ ከቀለበቱ ሥር።
«አንተ ዛፍ ነህ» አለኝ፣ «ዛፍ ከቦታው አይሄድም፤
ሲያቀብሉህ አስገባ፤ ማንጠር ላንተ አልተፈቀደም።»

አራት ዓመት ዛፍ ሆንኩ።

ሜዳችን በቆሎ ማስጫ፣ ቀለበቱ ከበርሜል የተሠራ፣
ዱጉና ከትራክተር ጋራዥ፣ የበየደው ለአንድ ፓኮ ሲጋራ።
በቆሎ የተሰጣ ሰሞን፣ ልምምዱን እናቆማለን፤
እኔና አንድ አባ ኮዳ፣ ከዳር እንገተራለን፣
ሁለት ረጃጅም ሥራ ፈት፣ እህሉን እንጠብቃለን።

ያኔ ተጫዋች አይፈለግም። ዶርም ውስጥ የተገኘ ይሰለፋል፤
የእንስሳት እርባታው ይከላከላል፣ የሰብል ልማቱ ይቀልባል።
ብቻ ኡጋሞ ነበረ፣ አጭሩ፣ የአፈር ሳይንሱ፤
ሲያነጥር ላየው ሰው፣ የታዘዘ ግልገል ይመስላል ኳሱ።
ሲያልፍ ከኋላው እያየሁ፣ ጣቴ ባዶውን ይመታል፤
ዛፍ ምን ቸገረው ትሉ ይሆናል። ዛፍም መሄድ ያምረዋል።

ግን አራት ዓመት አብረን በላን፣ ተሸነፍን ደጋግመን፤
መብራት የጠፋ ማታ እንኳ፣ በትንፋሽ ተፈላልገን፣
ኳስ እንቀባበል ነበር፣ ጨለማውን ተማምነን።

አሁን ፊሽካው የኔ ነው። ፀጉሬም እንደ መስመሩ ኖራ።
ሜዳው ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ያመሻል መብራቱ ሲበራ።
ልጆቹ አውቀው ነው የሚመጡት። ስልክ አስተምሯቸዋል፤
ዝላዩ በሴንቲ ሜትር፣ እንቅልፉም ተለክቶላቸዋል።
የአንዱን ስም ገና ሳልለምድ፣ ክለብ ይወስደዋል በዓመቱ፤
የሎከር ቁልፌን ይዞ ይሄዳል፣ ማልያው እንደተሰጣ በመስኮቱ።
ማን ይወቅሰዋል? የኛ ዘመን ያፈራው
አንድ ኡጋሞ ነው፣ ቀሪው ዛፍ።

ከዚያ ዱሬቴ መጣች። ሜትር ከሰማንያ ስድስት፤
ጉበኑን ጎንበስ ብላ አልፋ፣ ቆመች ከመስመሩ ፊት።
አፌን ልማዱ ቀደመኝ፣ «ከቀለበቱ ሥር ሁኚ» አልኩ።
የላምቤቦን ድምፅ ሰማሁ፣ በገዛ ጉሮሮዬ፤ ደነገጥኩ።
ኳሱን በእግሯ መሃል አሾልካ፣ በግራ እያነጠረች፣
ከሦስት ነጥቡ መስመር ወዲያ፣ ሳትቸኩል ወረወረች።
«እዚያ ሥር ምን አለ ጋሼ?» አለች፣
መረቡን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ።

መልስ አልነበረኝም።

ቅቤም ወርቅም ይነጠራል፣ እሳት ላይ ከቆየ፤
እኔን «ቁመቱ ይበቃል» አሉ፤ ጥሬዬን ማንም አላየ።

ማታ፣ ታቦር ሲጠቁር፣ ነፋሱ ከሐይቁ ሲገባ፣
ኳስ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ፣ እንደ ሌባ።
በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ አንዴ አነጠርኩ። እግሬን መታኝ።
ዱሬቴ ቦርሳዋን ረስታ፣ ተመልሳ መጥታ አገኘችኝ።
አልሳቀችም። «ኳሱን አይዩት ጋሼ፤ እሱ የትም አይሄድም፤
ቀና ብለው ሜዳውን ይዩ፤ ግራ እጅዎን ማንም አልከለከለም።»

እሷም በሰኔ ትሄዳለች፤ ክለቡ ደብዳቤ ጽፏል።

ቆጠርኩ። ሰባት ነጠረ።
ስምንተኛው ወደ ሐይቁ አጥር አመለጠ፤
ዛፉ ተከትሎት ሮጠ።